ስጎ በፕሬሸር ኩከር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ቲማቲም ረከስ ሲል ስለ ስጎ የሚደርሱን ጥያቄዎች ይበዛሉ። የዚህ ወሮቹ አብዛኞቹ የመጡት ከፕሬሸር ኩከር ተጠቃሚዎች ነው፤ ተቀራራቢዎቹን አዋሕደን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቲማቲሙን፣ ሽንኩርቱንና ዘይቱን አንድ ላይ ፕሬሸር ውስጥ ጨምሬ 20 ደቂቃ አበስላለሁ። ስከፍተው ሾርባ ነው። ፓስታው ላይ ሳፈስሰው ቀዩ መሀል ይቀርና ውኃው ወደ ሳህኑ ዳር ይሸሻል። ሽንኩርቱ ደግሞ ሳይልም ጥርስ ላይ ይመጣል። ጥፋቱ የድስቱ ነው የእኔ? (አዲስ አበባ፣ አያት)

መልስ፦ የድስቱ አይደለም፤ የቅደም ተከተሉ ነው። ቲማቲም ከመቶው 94 እጅ ገደማ ውኃ ነው። ክፍት ድስት ላይ ይህ ውኃ እየተነነ ይሄዳል። ፕሬሸር ግን ሥራው እንፋሎቱን አፍኖ መያዝ ስለሆነ የገባው ውኃ እዚያው ይቆያል። ስለዚህ ፕሬሸር ያለሰልሳል እንጂ አያወፍርም። 20 ደቂቃውን 40 ቢያደርጉትም ስጎው ይጠቁራል፣ የትኩስ ቲማቲም መዓዛውም ይጠፋል፤ ቅጥነቱ ግን ያው ነው። ማወፈር ክዳኑ ከተነሣ በኋላ የሚሠራ ሌላ ሥራ ነው።

ሽንኩርቱ ያልላመው በቲማቲሙ አሲድ ምክንያት ነው። ጥሬ ሽንኩርት ከኮምጣጣ ነገር ጋር ከተቀቀለ ግድግዳው አልፈርስ ይላል፤ ፕሬሸርም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አያሸንፈውም። አስቀድሞ ለብቻው መቁላላት አለበት።

ውኃው ከቀዩ የሚለየው ደግሞ ቲማቲሙ ተከትፎ ሳህን ላይ ሲቆይ ነው። ቲማቲም በቢላ እንደተነካ ውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች ፔክቲኑን፣ ማለትም ፈሳሹን የሚያያይዘውን ነገር፣ መሰባበር ይጀምራሉ። ሙቀት ፈጥኖ ካገኛቸው ግን ሥራቸው ይቆማል። የሚከተለው አሠራር ሦስቱንም ችግር ያስቀራል።

ለ6 ሊትር ድስት 2 ኪሎ ደህና አድርጎ የቀላ ቲማቲም፣ 300 ግራም ቀይ ሽንኩርት (ሦስት መካከለኛ ራስ)፣ የአንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ግማሽ፣ አንድ ሦስተኛ ኩባያ ዘይትና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ገበያ ላይ ምርጫ ካለ እንቁላል ቅርጽ ያለውን የሮማ ዓይነት ይውሰዱ፤ ሥጋው ወፍራም፣ ውኃውና ፍሬው ጥቂት ነው። ክቡ ቲማቲም ለሰላጣ ይሻላል።

ቲማቲሙን የፈላ ውኃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ነክረው፣ ወደ ቀዝቃዛ ውኃ አዛውረው ይላጡት፤ ገና አይክተፉት። ሽንኩርቱን አድቅቀው ከዘይቱ ጋር መካከለኛ እሳት ላይ፣ ክዳን ሳይገጥሙ፣ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ያቁላሉ። በማማሰያ ሲጫኑት የሚድጥ ከሆነ በቅቶታል። ነጭ ሽንኩርቱን ጨምረው አንድ ደቂቃ ያማስሉ። ከዚያ የቲማቲሙን ሩብ ብቻ ቶሎ ቶሎ ከትፈው ይጨምሩና ጨፍልቀው እስኪፈላ ያሙቁት። የቀረውን እየከተፉ፣ ፍላቱ ሳይቋረጥ፣ በትንሽ በትንሹ ይጨምሩበት። ጨው ያድርጉ። ቢያንስ አንድ ኩባያ የሚሆን ቀጭን ፈሳሽ ሲያወጣና የድስቱን ታች በእንጨት ማማሰያ ፍቀው ምንም እንዳልያዘ ሲያረጋግጡ ይክደኑ።

ክዳኑ ላይ የሚቀመጠው ክብደት መንቀሳቀስ ሲጀምር እሳቱን ቀንሰው አዲስ አበባ ላይ 13 ደቂቃ ያቆዩት። እሳቱን አጥፍተው ለ15 ደቂቃ አይንኩት። ግፊቱ ሙሉ በሙሉ መውጣቱን አይተው ይክፈቱ፣ በማማሰያ ይጨፍልቁ፣ ከዚያ ክፍቱን ለ30 ደቂቃ ያህል ያንተክትኩት። የመጨረሻዎቹን 10 ደቂቃዎች ከአጠገቡ አይራቁ፤ እየወፈረ ሲሄድ ይረጫል፣ ታችም ይይዛል። መድረሱን ለማወቅ አንድ ማንኪያ ሳህን ላይ ጠብ ያድርጉ። ዙሪያውን የውኃ ቀለበት ካልሠራ ደርሷል። ከ2 ኪሎው አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ይወጣል። በሶብላ የሚወዱ ከሆነ ሊወርድ 5 ደቂቃ ሲቀረው ይጨምሩ፤ ፕሬሸር ውስጥ ከገባ መዓዛው አይተርፍም።

ጥያቄ፦ ዱባይ ስሠራ በ10 ደቂቃ የሚደርስልኝ ስጎ እዚህ በዚያው ድስት ይጎለዋል። ድስቱ አርጅቶ ይሆን? (ደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ክዳኑ ዳር እንፋሎት የማያፈስ ከሆነ ድስትዎ ደህና ነው፤ የተለወጠው ከፍታው ነው። ዱባይ ባሕር ዳርቻ ላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ። ክፍት ድስት ላይ ውኃ ዱባይ በ100 ዲግሪ፣ እናንተ ዘንድ ግን በ90 ወይም 91 ዲግሪ ይፈላል። ፕሬሸር ይህን ልዩነት ያጠባል እንጂ አያጠፋውም። ክብደቱ የሚጨምረው ግፊት በውጭው አየር ግፊት ላይ የሚደረብ ስለሆነ፣ በባሕር ጠለል 121 ዲግሪ የሚደርስ ድስት አዲስ አበባ ላይ 117 ገደማ ላይ ይቆማል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል።

የተለመደው ስሌት ከ600 ሜትር በላይ ላለው ለየ300 ሜትሩ 5 በመቶ ጊዜ መጨመር ነው። በዚህ ሒሳብ የዱባዩ 10 ደቂቃ አዲስ አበባ 13፣ ደብረ ብርሃን 14፣ አዳማና ሐዋሳ 12፣ ድሬዳዋ 11 ይሆናል። ደቂቃው የሚቆጠረው ግፊቱ ከሞላ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ድስቱን ከጣደበት ሰዓት ጀምሮ እየቆጠረ ነው የሚሳሳተው።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ ፕሬሸሬ ስጎ በሠራሁ ቁጥር ግፊቱ ሳይሞላ «እያረረ ነው» የሚል ምልክት ያሳይና ያቆማል። ቲማቲም፣ አንድ ጣሳ የቲማቲም ድልህና ሥጋ ነው የማስገባው። ውኃ ብጨምርበት ደግሞ ስጎው ይቀጥናል። (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ጥፋተኛው ድልሁ ነው። ወፍራምና ስኳር የበዛበት ስለሆነ ወደ ታች ይሰጥማል። ወፍራም ነገር ደግሞ እንደ ውኃ ከታች ወደ ላይ እየተገላበጠ አይሞቅም፤ ባለበት ተቀምጦ ያርራል። የድስቱ የሙቀት መለኪያም ታች ስለሆነ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። ሥጋውን ካቁላሉ በኋላ የድስቱን ታች በግማሽ ኩባያ ውኃ በደንብ ፍቀው ያንሡት፤ የተጣበቀች ቅንጣት ብትቀር ምልክቱ ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ የተከተፈውን ቲማቲም ከነፈሳሹ ይጨምሩ። ድልሁን እስከ መጨረሻው አያስገቡ፤ ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ፣ በማቁላያው ሁኔታ ስጎው ሲንተከተክ፣ ያኔ ይቀላቅሉት። ያቺ ግማሽ ኩባያ ውኃ በዚያ ጊዜ ትተንናለች። የኤሌክትሪኮቹ ግፊት ከምድጃዎቹ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢጨምሩ አይጎዳም።

ጥያቄ፦ የእናቴ ፕሬሸር አሉሚኒየም ነው። ቲማቲም ይመርዛል ሲሉ እሰማለሁ። (ጎንደር)

መልስ፦ አንድ ጊዜ አብስለው ወዲያው ቢገለብጡት አይመርዝም። አሲዱ ግን አሉሚኒየሙን ይበላዋል፤ ስጎው የብረት ጣዕም ያመጣል፣ ድስቱም በትናንሽ ጉድጓዶች ይወጋል። ስጎ እዚያው እንዲያድር አይተዉት። የማንተክተኩን ሥራም በሌላ ድስት ይሥሩ። አዲስ ለመግዛት ካሰቡ ታቹ ወፍራም የሆነ የማይዝግ ብረት ይምረጡ፤ ለስጎ የታች ውፍረት ከሁሉም ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ትናንት ክብደቱን በሹካ አንሥቼ ሳስተነፍሰው ቀይ ፈሳሽ እስከ ኮርኒስ ተረጨ። ቫልቩ ተበላሽቶ ነው? (ሐዋሳ)

መልስ፦ ቫልቩ ላይበላሽ ይችላል፤ ግን ከእንግዲህ ለስጎ ይህን አያድርጉ። ግፊቱ በአንድ ጊዜ ሲወርድ ከ110 ዲግሪ በላይ የነበረው ፈሳሽ ሁሉ ባንዴ ገንፍሎ ይፈላል፤ ወፍራም ነገር ከሆነ አረፋው በቀዳዳው ይወጣል። ፊት ላይ ቢደርስ ክፉኛ ያቃጥላል። ስጎ ሁልጊዜ በራሱ ነው የሚበርደው። የጥቅል ሽቦ ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ከሆነ፣ ቢያጠፉትም ረጅም ጊዜ ስለሚግል ድስቱን ከላዩ ማንሣት ያስፈልጋል።

ድስቱንም ከሁለት ሦስተኛ በላይ አይሙሉ፤ ለስጎ ግማሽ ቢሆን ይመረጣል። ሌላው የልጣጭ ነገር ነው። ያልተላጠ ቲማቲም ፕሬሸር ውስጥ ልጣጩ ተጠቅልሎ እንደ ቀጭን ቱቦ ይሆንና የክዳኑን ቀዳዳ ሊደፍን ይችላል። ከመክደንዎ በፊት ሁሌም ክዳኑን ወደ ብርሃን አንሥተው በቀዳዳው ይመልከቱ፤ ማዶውን ካላሳየዎት በቀጭን ሽቦ ያጽዱት። ጎማውንም አውልቀው ይጠቡ። የቲማቲም ቀለም ቢይዝ ችግር የለውም፤ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ግን ይለወጥ።

ጥያቄ፦ ስጎዬ ይጎመዝዛል። ስኳር ጨምሬ ሰልችቶኛል። ብሌንደር ስፈጨው ደግሞ ሮዝ ይሆንብኛል። (ባሕር ዳር)

መልስ፦ ስኳር ጉምዛዜውን ይሸፍናል እንጂ አያነሣም። ለ2 ኪሎ ቲማቲም የሻይ ማንኪያ ሩብ ቤኪንግ ሶዳ ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ ይበትኑበት፤ ይገነፍላል፣ አማስለው ያሳርፉት። ከዚህ በላይ ካደረጉ ሳሙና ሳሙና ይላል። አንድ መካከለኛ ካሮት ፈቅፍቆ ከሽንኩርቱ ጋር ማቁላላትም ጥሩ ነው፤ እኛ ይህን እንመርጣለን። ሮዝ የሚያደርገው በብሌንደሩ የገባው አየር ነው። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ሲንተከተክ ቀዩ ይመለሳል። ሲፈጩ ስጎው ይብረድ፣ ብሌንደሩም ከግማሽ አይለፍ፤ ትኩስ ከሆነ እንፋሎቱ ክዳኑን ይወረውረዋል።

ጥያቄ፦ እዚህ ቲማቲም ሲረክስ በሳጥን እንገዛለን። ስጎ ሠርቼ በጠርሙስ አሽጌ፣ ጠርሙሶቹን ፕሬሸር ውስጥ ቀቅዬ ለወራት ማቆየት እፈልጋለሁ። ይቻላል? (መቂ)

መልስ፦ በዚህ መንገድ አይቻልም። የማብሰያ ፕሬሸር ለጠርሙስ ማሸጊያ ከሚሠራው ትልቅ ድስት የተለየ ነው። ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይበርዳል፤ የማሸጊያ ደቂቃዎች ደግሞ ለእሱ አልተሰሉም። የሚያሰጋው ቦቱሊዝም የሚባለውን የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው። አየር በሌለበት፣ አሲዱ ባነሰ ምግብ ውስጥ ያድጋል። የአሲድ መለኪያው ድንበር 4.6 ፒኤች ሲሆን ቲማቲም ልክ እዚያ ድንበር ላይ ነው፤ አንዳንዱ በታች፣ አንዳንዱ በላይ (ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን አሲዱ ያንሳል)። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ሥጋ ሲጨመሩ ወደ አደገኛው ወገን ይገፉታል።

ሁለት አስተማማኝ መንገዶች አሉ። ቀላሉ ማቀዝቀዣ ነው። ስጎውን ሰፋ ባለ ትሪ አብርደው በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ፍሪጅ ያስገቡ፤ እዚያ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። በረዶ ቤት ከሆነ ለአንድ ምግብ በሚበቃ መጠን እየከፈሉ፣ ከአፉ 3 ሴንቲ ሜትር ባዶ ትተው ያስገቡት፤ እስከ 6 ወር ጣዕሙ አይለወጥም። መብራት ሲጠፋ በሩን አይክፈቱ። የሞላ በረዶ ቤት 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላ 24 ሰዓት ያህል ይይዛል።

ሁለተኛው ጠርሙስ ነው፤ ግን ከቲማቲም ብቻ የተሠራ ስጎ፣ ያለ ዘይትና ያለ ሽንኩርት፣ ለማሸጊያ በተሠራ ጠርሙስና አዲስ ክዳን። የማርማላታ ጠርሙስ አሮጌ ክዳን አይታመንም። ለየአንድ ሊትሩ 2 የሾርባ ማንኪያ በፋብሪካ የታሸገ የሎሚ ጭማቂ ወይም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ ይጨመራል። ከዛፍ የወረደ ሎሚ አሲዱ አንዱ ከሌላው ስለሚለያይ አይተካውም። ከዚያ ጠርሙሶቹን የሚሸፍን ውኃ በተሞላ ክፍት ትልቅ ድስት ይቀቀላሉ። ከ1,830 ሜትር በላይ ላሉ ከተሞች ለግማሽ ሊትር ጠርሙስ 50፣ ለአንድ ሊትር 55 ደቂቃ ነው። መቂ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ስለምትል 45 እና 50 ይበቃል። ሽንኩርቱንና ዘይቱን ጠርሙሱ የተከፈተ ዕለት ያቁላሉ።

ክዳኑ ያበጠ፣ ሲከፈት የሚፈነጥቅ ወይም የሚያፈስ ጠርሙስ ሳይቀመስ ይጣል። የቦቱሊዝም መርዝ ሽታም ቀለምም ላያሳይ ስለሚችል፣ ሎሚው መጨመሩን የሚጠራጠሩበትን ጠርሙስም እንዲሁ።