ከሲታ ነኝ፣ የሚያወፍር ኪኒን ልጀምር?

ጥያቄ፦ 24 ዓመቴ ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ70፣ ኪሎዬ 50። ጠዋት ማኪያቶ ብቻ ጠጥቼ እወጣለሁ፣ ምሳ ይረሳኛል፣ ማታ እስክጠግብ እበላለሁ። ጓደኞቼ የሚያወፍር ኪኒን አለ ብለውኛል። ልጀምር?

መልስ፦ ተወው ወንድሜ! ለመወፈር ብለው ዴክሳሜታዞን የሚውጡ አሉ፤ እሱ ፊት ያሳብጣል እንጂ ጡንቻ አይጨምርም፣ ስኳርና ደም ግፊትም ያመጣል። ለቁመትህ ጤናማው ክብደት ከ53 ተኩል ኪሎ ገደማ ይጀምራል። የጎደለህ አራት ኪሎ እንኳ አይሞላም (ሰፈሩን አላልኩም)።

ማኪያቶውን ከቁርስ በኋላ አድርገው፣ በባዶ ሆድ ሲሆን የምግብ ፍላጎት ሊዘጋ ይችላል። ቅንጬ በቅቤ ወይም እንቁላል በዳቦ ብላ። ምሳ የምትረሳ ከሆነ ቦርሳህ ውስጥ ኦቾሎኒ ያዝ፤ አንድ እፍኙ፣ 30 ግራም ገደማው፣ ወደ 170 ካሎሪ አለው፣ አንተ ደግሞ በቀን ከ300 እስከ 500 ብትጨምር ይበቃሃል። አመሻሽ ላይ በሶ በማር በጥብጠህ ጠጣ። በጾም ሽሮው ላይ ዘይት ጨመር አድርግ፣ አቮካዶም አለልህ።

ኪሎህ ዝም ብሎ እየቀነሰ ከሆነ፣ ሳል ከያዘህ ወይም ሌሊት ካላበህ ግን ምግቡን ሳትጠብቅ ሐኪም ጋ ሂድ። ቲቢ፣ ስኳር ወይም ታይሮይድ ሊሆን ይችላል።