ማይኩ ለምን ይጮሃል? ጥያቄና መልስ ከድሬዳዋ

ባለፈው ሰሞን ሳቢያን ውስጥ አንድ የሠርግ ድንኳን ነበርኩ። ሽማግሌው ሊመርቁ ማይኩን ሲጨብጡ ስፒከሩ ጮኸ፤ ልጆቹ ጆሯቸውን ያዙ፣ እሳቸውም ምርቃቱን አሳጥረው ተቀመጡ። እንዲህ ያለ ነገር ያንገበግበኛል፣ መፍትሔ ያለው ነገር ነውና። ሥራዬ ድምፅ ነው፤ ማታ ማታ ደግሞ ፊድባክ የሚሉትን ይህን ጩኸት የሚያጠፉ ፕሮግራሞችን እጽፋለሁ። የቸገራችሁን ጠይቁኝ፣ እስኪመሽ እዚሁ ነኝ።

ጥያቄ (ከመጋላ)፦ አቦ፣ ከሥሩ ጀምርልን። ለምንድነው የሚጮኸው?

ማይኩ ከስፒከሩ የወጣውን ድምፅ መልሶ ይሰማል፤ አምፕሊፋየሩ አጉልቶ ይልከዋል፤ ማይኩ እንደገና ይሰማዋል። አንድ ዙር ዞሮ ሲመጣ ድምፁ ካልቀነሰ፣ ሞገዱም ከመጀመሪያው ሞገድ ጋር እኩል ከረገጠ፣ በየዙሩ ያድጋል። ሁለቱ ነገሮች አብረው የሚገጥሙት በጥቂት ፍሪኩዌንሲዎች (ሞገዱ በሴኮንድ በሚንቀጠቀጥበት ልክ) ላይ ብቻ ነው፤ ጩኸቱ አንድ ወጥ ፉጨት የሚሆነውም ለዚህ ነው። በዴንማርካዊው የፊዚክስ ሊቅ በሶረን ላርሰን ስም «የላርሰን ውጤት» ይሉታል።

ጥያቄ፦ አዳፕቲቭ ፊልተር የሚሉት ምን ይሠራል?

መንገዱን ይማራል። ድምፁ ከስፒከር ወጥቶ ከግድግዳና ከቆርቆሮ ተላትሞ ማይኩ ጋ እስኪደርስ የሚሄድበትን መንገድ በቁጥር ይስለዋል። ወደ ስፒከር የሚላከውን ድምፅ በዚያ ሥዕል ያሳልፍና ተመልሶ የሚመጣውን ገምቶ ከማይኩ ድምፅ ላይ ይቀንሳል። ግምቱ ከሳተ ቁጥሮቹን በጥቂቱ ያርማል፣ በሴኮንድ ውስጥ በሺዎች ጊዜ። ሥሩ መሐንዲሶቹ ዊድሮውና ሆፍ እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያወጡት ኤልኤምኤስ የተባለው ስሌት ነው። የእርማቱን እርምጃ ብታሰፋው ቶሎ ይማራል ግን አይረጋም፤ ብታጠበው ይረጋል፣ ሙሽራው ማይክ ይዞ ሲዞር ግን አይደርስበትም።

ጥያቄ፦ ስልክ ላይ ኤኮ የሚያጠፋው ፕሮግራም አለ አይደል? እሱኑ ብንወስደውስ?

እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነበር፤ አይሠራም። በስልክ ከስፒከሩ የሚወጣው የሌላ ሰው ድምፅ ነው፤ ያንተ ከእሱ ጋር ስለማይመሳሰል ፊልተሩ ለይቶ ይቀንሰዋል። አዳራሽ ውስጥ ግን ከስፒከሩ የሚወጣው ያው የተናጋሪው ድምፅ ነው። ፊልተሩ የሚቀንሰውና የሚተወው ይምታታበትና ተናጋሪውን ራሱን መቀነስ ይጀምራል። ዋሽንት ሲነፋ ይብሳል፤ ረዥም አንድ ወጥ ድምፅ ጥቂት ቆይቶም ራሱን ይመስላልና።

መድኃኒቱ የተናጋሪውን ድምፅና ከስፒከሩ የሚወጣውን ማራራቅ ነው። ጥቂት ሚሊሴኮንድ ማዘግየት አንድ ነው። የድምፅ ፊዚክስ ሊቁ ማንፍሬድ ሽሮደር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያሳየው ደግሞ ድምፁን በ5 ኸርዝ (በሴኮንድ 5 ንዝረት) ያህል ማንሸራተት ነው፤ በየዙሩ ቦታውን ስለሚለቅ አንድ ቦታ ላይ አይከማችም። ለንግግር ማንም አያስተውለውም። ለማሲንቆ ግን አታድርጉት፣ ቅኝቱን ያበላሻል። እኔ የምወደው ሦስተኛውን ነው፦ የድምፁን ጠባይ አስቀድሞ ተንብዮ፣ ሊተነበይ የሚችለውን አውጥቶ፣ በቀረው ብቻ ማስተማር።

ጥያቄ (ከሐረር፣ ጁገል)፦ መንዙማ ላይ ድምፁን ሲያስረዝሙት ፊድባክ ማጥፊያው ድምፁን ይበላዋል። ለምን?

ያንተ መሣሪያ መንገዱን የሚማረው ዓይነት አይመስለኝም፤ ፉጨት ሲመስለው ያንን ፍሪኩዌንሲ ቆርጦ የሚጥለው ነው። የረዘመ ዜማ ፉጨት ይመስለዋል። ጥሩ መሣሪያ ግን የሚለይበት አለው፦ የሰው ድምፅ 300 ኸርዝ ላይ ከወጣ 600ም 900ም ላይ ተከታዮች አሉት፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይተነፍሳል። ፉጨት ብቻውን ነው፣ በዴሲቤል (በድምፅ ጉልበት መለኪያ) ስትለካው ቀጥ ብሎ ይወጣል። አምፕሊፋየሩ ጣሪያው ላይ ከደረሰ ግን የሞገዱ ጫፍ ስለሚቆረጥ ፉጨቱም ተከታዮች ያወጣና መሣሪያው ይሳሳታል።

ስለዚህ ሰው ሳይገባ ቀስ እያልክ ጌኑን (የማጉያውን መጠን) አንሳ፤ ሊጮህ ሲል መሣሪያው ይቁረጥ፣ ከሦስት እስከ አምስት ፍሪኩዌንሲ ያህል። ከዚያ ቆልፈው። ዜማው ሲጀመር አዲስ እንዳይቆርጥ።

ጥያቄ (ከዚሁ ከድሬ)፦ በ9 ሰዓት ያስተካከልኩት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ይጮሃል። ማንም ግን አልነካውም።

አየሩ ነክቶታል። የድምፅ ፍጥነት በየዲግሪው በ0.6 ሜትር በሴኮንድ ያህል ይለወጣል። ቀን በ35 ዲግሪ 352 ገደማ የነበረው ማታ በ24 ዲግሪ 346 ይሆናል። 2000 ኸርዝ ላይ የነበረው ፉጨት ወደ 1965 ገደማ ይወርዳል፤ የቆረጥከው ደግሞ ወደ 20 ኸርዝ ብቻ ስፋት ካለው ስቶታል። በቀን ሙቀት ለሚነድደው ለእኛ ከተማ አዳፕቲቭ ፊልተር የሚያስፈልግበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ እሱ አየሩ ሲቀዘቅዝ አብሮ ይከተላል።

ጥያቄ፦ አያቴ የመስሚያ መርጃ ተገዛላት፤ ሰው ሊስማት ሲጠጋ ያፏጫል። አውልቃ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው።

ይህን ጥያቄ ጠብቄው ነበር፤ መሳቢያ ውስጥ የቀረ መርጃ ስንት አይቻለሁ። ማይኩና ድምፅ አውጪው በጥቂት ሴንቲሜትር ነው የተራራቁት። አያትህ ዘመድ ሰላም ሲሏቸው ጉንጭ ለጉንጭ ይገናኛሉ፣ ከጆሮ ያመለጠው ድምፅ በሰውየው ጉንጭ ተመትቶ ወደ ማይኩ ይመለሳል። ሻሽ ሲያስሩም፣ ስልክ ጆሯቸው ላይ ሲያደርጉም እንደዚያው። መንገዱ በአንድ አፍታ ይለወጣል፣ ፊልተሩ ተምሮ እስኪደርስ ያፏጫል። እዚያ የፊልተሩ ሥራ አጭር ነው፤ ድምፁ በሴኮንድ 16000 ጊዜ ሲለካ (ናሙና ሲወሰድ) 64 ቁጥሮች 4 ሚሊሴኮንድ ይሸፍናሉ።

ድምፁን ዝቅ አታድርግባቸው። ፉጨቱ ያለበት ከፍ ያለው ፍሪኩዌንሲ ስለሆነ ሰ፣ ሸ፣ ፈ አብረው ይጠፋሉ፤ ቃሉ ይደበዝዛል። መጀመሪያ ጆሯቸው ውስጥ ኩክ እንዳለ ይታይ፣ ቀጥሎ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ክፍል ልክ መሆኑ። ከዚያ ባለሙያው ፊድባኩን ሲለካ ሻሻቸውን እንዳሰሩ፣ ስልክም ጆሯቸው ላይ አድርገው ይሞክሩላቸው። ይህን ጠይቆ ማስደረግ ያንተ ፋንታ ነው። ሲስተካከል ደግሞ ሄደህ ሳማቸውና ስማው።

ጥያቄ፦ የማይኩን ጭንቅላት መጨበጥ ይረዳል?

አይረዳም፣ ያባብሰዋል። ከኋላ የሚመጣውን የሚከላከሉትን ቀዳዳዎች ትደፍናቸዋለህ።

ጥያቄ፦ መድረክ ላይ ስድስት ማይክ ክፍት ነው።

የማይናገርበትን ዝጋ። ክፍት ማይክ እጥፍ ባደረግህ ቁጥር 3 ዴሲቤል ታጣለህ።

ጥያቄ፦ ፕሮግራሙን ራሴ ልጽፍ ብል ከየት ልጀምር?

በቀጥታ ስፒከር ላይ አትጀምር። መጀመሪያ በፋይል፦ የክፍሉን ድምፅ ቅዳ፣ ፉጨቱን በኮምፒውተር ውስጥ ፍጠረው፣ ኤንኤልኤምኤስ የተባለውን የኤልኤምኤስ ዓይነት ስሌት አስገባበት። የእርማቱ እርምጃ ከ0 በላይ ከ2 በታች መሆን አለበት፤ አንተ ከ0.1 ጀምር። ለመካከለኛ ክፍል በሴኮንድ 16000 ናሙና ሲሆን ለፊልተሩ 4000 ያህል ቁጥር ስጠው፣ ሩብ ሴኮንድ ይሸፍናል። ወደ እውነተኛው ስፒከር ስታልፍ ከፊቱ ሊሚተር (ድምፁ ከልክ እንዳያልፍ የሚገድብ) አድርግ፤ ፊልተር የተሳሳተ ዕለት ከማይኩ ይልቅ የሚጮኸው እሱ ነው፣ ሄድፎንህንም በዚያ ሰዓት ጆሮህ ላይ አታድርገው።