6020 ብር የሆነው የማኪያቶ ሂሳብ

«ጃቫስክሪፕት ልጀምር ነው፤ ቫር፣ ሌትና ኮንስት ግራ አጋቡኝ፤ ቀጥታ ሪአክት ብገባስ?» ብለህ ለጠየቅከው፦ ወንድሜ፣ ጃቫስክሪፕት የድረ ገጽ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው፤ ሦስቱ በእሱ ውስጥ ለምታስቀምጠው ነገር ስም መስጫ ቃላት ናቸው፣ እመለስባቸዋለሁ። ሪአክት ደግሞ በዚሁ ቋንቋ የተሠራ የገጽ መሥሪያ ነውና የትም አይሄድብህም።

እኔም እንዳንተ ቸኩዬ ነበር። አራት ኪሎ ሻይ ቤት ላለው ጓደኛዬ የሂሳብ ማስያ ገጽ ልሥራልህ ብዬ ፎከርኩ። ማኪያቶ 60፣ ሳምቡሳ 20 ብሎ አስገባ። ድምሩ 6020 ብር መጣ። እሱ በሳቅ ሞተ፤ እስከዛሬ ሂሳብ ስጠይቀው «6020» ይለኛል። እኔ ኮዱን ስበረብር አደርኩ።

ነገሩ ምን መሰለህ፣ ሰው ሳጥኑ ውስጥ የሚጽፈው ቁጥር ቢመስልም ለጃቫስክሪፕት ጽሑፍ ነው፤ ስትሪንግ የሚሉት። የመደመር ምልክት ደግሞ ጽሑፍ ሲያገኝ አይደምርም፣ አንዱን ከሌላው ጎን ይለጥፈዋል። የገረመኝ በመቀነስ ስሞክረው በትክክል 40 አለኝ! ጽሑፍ ከጽሑፍ ስለማይቀነስ ራሱ ወደ ቁጥር ይቀይረዋል። ቀይ የስህተት መልእክት እንኳ አያወጣም፣ ለዚህ ነው የሚሸውድህ። መፍትሄው ቀላል ነው፤ ከመደመርህ በፊት ሁለቱንም ነምበር (Number) በሚለው ፈንክሽን፣ ማለትም ጽሑፉን ወደ ቁጥር በሚቀይረው ትእዛዝ፣ አሳልፋቸው። ኤኗ (N) ትልቋ ትሁን፣ በትንሿ ከጻፍካት አያውቃትም።

የእኩል ምልክትም እዚሁ ይገባል። አንዱ ብቻውን ለአንድ ስም ቁጥር ወይም ጽሑፍ መስጫ ነው። ሁለቱ ያወዳድራል ግን ልል ነው፣ ጽሑፉን 60 እና ቁጥሩን 60 «አንድ ናቸው» ይልሃል። ሦስቱ ዓይነቱንም ያያል። በሦስቱ ልመድ።

ቫርን ለጊዜው እርሳው፤ ሌትና ኮንስት እ.ኤ.አ. በ2015 ቋንቋው ውስጥ ገብተዋል፣ ቫርን የምታገኘው በብዛት የድሮ ኮድ ውስጥ ነው። ኮንስት ብለህ ጀምር፣ በኋላ የሚቀየር ሲሆን ብቻ ሌት አድርገው፣ ለምሳሌ ድምሩን። ኮንስት ማለት ግን ጭራሽ አይነካም ማለት አይደለም። ምናሌህን በኮንስት አሬይ (የነገሮች ዝርዝር) ብታደርገው ሌላ ምግብ መጨመር ትችላለህ፤ የማይፈቅድልህ ያንኑ ስም ለሌላ ነገር መስጠት ነው። እኔን ይሄ ብዙ አሳስቶኛል። አሬይ ከዜሮ እንደሚቆጥርም አትርሳ፣ የመጀመሪያው ምግብ ቁጥሩ 0 ነው።

አሁን ክሮም ክፈትና ኤፍ 12 ተጫን፤ አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ኤፍኤን (Fn) አብረህ መጫን አለብህ። ኮንሶሉ (Console፣ ኮድ ጽፈህ ወዲያው የምትሞክርበት ቦታ) ላይ 60ን አንዴ በጥቅስ፣ አንዴ ያለ ጥቅስ ጽፈህ፣ ከፊታቸው ታይፕኦፍ (typeof፣ ዓይነቱን የሚነግርህ) የሚለውን አስገባ። ሁለቱ ምን እንዳሉህ እዚሁ ጻፍልኝና ወደ ኢፍና ሉፕ (ቅድመ ሁኔታና ድግግሞሽ) እንሄዳለን።