ግራንት ላሸነፋችሁ ወጣት መምህራን

የተከበራችሁ ወጣት ባልደረቦቼ፣

በጅማ ዩኒቨርሲቲያችን የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ የሚቀርበውን የሥራ ሪፖርት ጡረታ ከወጣሁም በኋላ እየተጋበዝኩ አዳምጣለሁ። የአቀራረቡ ቅደም ተከተል ከዓመት ዓመት ብዙም አይለወጥም። መጀመሪያ መምህራን ያገኙት የምርምር ድጋፍ በብርና በዩሮ ይነበባል፤ አዳራሹም ሞቅ አድርጎ ያጨበጭባል። ቀጥሎ የታተሙ ጽሑፎች ብዛት፣ ከዚያም በአገር ውስጥና በውጭ ጉባኤዎች የቀረቡ ጥናቶች ይቆጠራሉ፤ በመጨረሻም ሽልማትና የማዕረግ ዕድገት ያገኙ ሰዎች ስም ይጠራል። ከጥናቶቹ አንዱ እንኳ ምን እንዳገኘ የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር የሚሰማው ግን ከስንት አንዴ ነው። አቅራቢዎቹን አልወቅስም፤ የሚሞሉት ቅጽ የሚጠይቃቸው ቁጥር ነውና። እናንተ ግን ራሳችሁን በዚያ ቅጽ መለካት እንዳትለምዱ እሰጋለሁ። በተለይ የመጀመሪያ ግራንታችሁን ያሸነፋችሁና ስልካችሁ በእንኳን ደስ ያላችሁ መልእክት የተጨናነቀባችሁ፣ ገንዘቡ የተሰጣችሁ ገና ላልሠራችሁት ሥራ መሆኑን ልብ እንድትሉልኝ እሻለሁ። ቀድሞ ማመስገን ለሐሜት ያስቸግራል የሚባለው አነጋገር ከግራንት የበለጠ የሚስማማው ጉዳይ አላውቅም።

ማሸነፉ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። በብራስልስ ሰዓት የሚዘጋ ማመልከቻ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ምሽት ለመላክ የታገለ ሰው ድካሙን ያውቀዋል። ነገር ግን ከደስታው ማግስት የሚመጣውን ችግር ፕሮፖዛሉን በምትጽፉበት ጊዜ ካላሰባችሁበት በኋላ የምታስቡበት ጊዜ አይኖራችሁም። የገንዘብ ሰጪው ዓመት ብዙውን ጊዜ በጃንዋሪ ይጀምራል፤ የእኛ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። ስምምነቱ ተፈርሞ ገንዘቡ በመጋቢት ቢገባ፣ ግዢ ክፍል ፕሮፎርማ ሰብስቦ አሸናፊውን እስኪለይ ግንቦት ያልፋል፤ ሰኔ ላይ ሒሳብ ይዘጋል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ወደ ብዙዎቹ ቀበሌዎች የሚወስደው መንገድ መኪና አያስገባም። እንዲህ እንዲህ እያለ የመጀመሪያው ዓመት ያልቅና ገንዘብ ሰጪው የመጀመሪያ ዓመት ሪፖርት ይጠይቃል። ይህን ሁሉ ማንም ሰው በክፋት አላደረገውም፤ ሁለት የቀን መቁጠሪያዎችና አንድ ክረምት ናቸው። ስለዚህ የሥራ ዕቅዳችሁን ስታወጡ ክረምቱንና የሰኔን መዝጊያ በሰንጠረዡ ላይ አስገቧቸው። ሪኤጀንት (የላቦራቶሪ መመርመሪያ ኬሚካል) የምትገዙ ከሆነ የመጠቀሚያ ጊዜው ጉምሩክ ላይ ሳለ እንዳያልፍ አስቡ፤ ናሙና በፍሪዘር የምታስቀምጡ ከሆነ መብራት ለሚጠፋበት ጊዜ የጄኔሬተር ናፍጣ በበጀቱ ውስጥ በስሙ ይጻፍ።

ስለ በጀት ካነሳሁ፣ ፕሮፖዛል ስገመግም ከመግቢያው በፊት የማየው የበጀቱን ሰንጠረዥ ነው። መግቢያውን ሁሉም አሳምሮ ይጽፈዋል፤ አመልካቹ ሥራውን በዓይነ ሕሊናው ማየት አለማየቱ የሚታወቀው ግን ከሰንጠረዡ ነው። የዋና ተመራማሪው አበል ከመረጃ ሰብሳቢዎቹ ሁሉ ድምር በልጦ ሳገኘው ጥናቱን ማን እንደሚሠራው መጠየቅ ይገባኛል። መጠይቁን ወደ አፋን ኦሮሞ ለማስተርጎምና ትርጉሙን ለማስመርመር የተያዘ ገንዘብ ከሌለ፣ ሰውየው በጅማ ዙሪያ ባሉት በሰርቦ ወይም በአሰንዳቦ ገበያ ላይ ቆሞ ጥያቄውን ለመጠየቅ ሞክሮ አያውቅም ማለት ነው። ትልቅ ገንዘብ ባታገኙም አትዘኑ። መቀመጫውን ስቶክሆልም ያደረገው ዓለም አቀፍ የሳይንስ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ1972 ሲቋቋም ለታዳጊ አገሮች ወጣት ተመራማሪዎች አነስተኛ ድጋፍ መስጠትን ዓላማው ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ትንሽ ገንዘብን በሥርዓት ማስተዳደር የቻለ ሰው በትልቁ አይደነግጥም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። የጊልጌል ጊቤ ግድብ ኃይል ማመንጨት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በቀጣዩ ዓመት ዩኒቨርሲቲያችን በሰው ሠራሹ ሐይቅ ዙሪያ ባሉት የሶኮሩ፣ የቀርሳ፣ የኦሞ ናዳና የጥሮ አፈታ ወረዳዎች የመስክ ምርምር ማዕከል አቋቋመ። ከሚነሱት ጥያቄዎች አንዱ የማይቀር ነበር፦ ይህ ሁሉ ውኃ ወባን አያባብስም ወይ? እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ለሐይቁ ቀርበው የሚኖሩ ሕፃናት ራቅ ብለው ከሚኖሩት ይልቅ በወባ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳየ። መልሱ ሁሉም ሰው የጠበቀው ነበር፤ ለጋዜጣም ለጉባኤም የሚመች ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን በዚሁ ላይ ቆሞ ቀጣዩን ግራንት ይጠይቅበት ነበር።

ጥናቱን ያካሄደው ቡድን ሰዎች ግን ጥያቄውን አልዘጉትም። እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2010 ድረስ ለሁለት ዓመት፣ ከግድቡ በተለያየ ርቀት ላይ ባሉ 16 መንደሮች የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች የሆነ 2,080 ሕፃናትን በየሳምንቱ ቤት ለቤት እየዞሩ ተከታተሉ። በየሳምንቱ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ቡና ለቀማ ላይ ቤተሰቡ ሁሉ ከቤት ሲወጣ፣ ክረምት ላይ ወንዝ ሲሞላ፣ የለቅሶ ቀንም ሆነ የገበያ ቀን፣ ያው መረጃ ሰብሳቢ ያንኑ በር ያንኳኳል፤ ልጁ ትኩሳት ነበረው ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ካለው የደም ናሙና ይወስዳል። በዚህ መንገድ 548 የፋልሲፓረም ወባ ሕሙማን ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ውጤትም የበሽታው ክስተት ከወቅት ጋር እንጂ ከግድቡ ርቀት ጋር ጉልህ ዝምድና እንዳልነበረው አመለከተ።

የመጀመሪያው ጥናት ስህተት ነበር ብላችሁ እንዳትረዱኝ። እሱ በአንድ ወቅት የተደረገ ቅኝት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ሰዎችን ዓመታት የተከተለና በአንድ የወባ ዓይነት ላይ ያተኮረ ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ በዓመታዊው ሪፖርት ላይ ሁለቱም እኩል አንድ አንድ መስመር ናቸው። ለማዕረግ ዕድገት ነጥብ ሲያዝም የሁለት ዓመቱ የሳምንት ሳምንት ጉዞ የተለየ ስም የለውም። ቅጹ ይህን ልዩነት አያይላችሁም፤ ስለዚህ ልዩነቱን የምታውቁት እናንተ መሆን አለባችሁ። ግራንት አግኝታችሁ ከሆነ፣ ትናንት ያሳተማችሁትን እንደገና ለማሳመር ሳይሆን ትናንት ያሳተማችሁትን ሊያፈርስ የሚችለውን ጥያቄ ለመጠየቅ አውሉት። ያ ሥራ ብዙ ናፍጣ ይፈጃል፤ ጭብጨባውም አነስ ያለ ነው።

ጉባኤ ላይ ጥናት ማቅረብን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። አሥራ አምስት ደቂቃ ከተሰጣችሁ አሥራ ሁለቱን ተጠቀሙ፤ ከኋላ ወንበር የማይነበብ ሰንጠረዥ በፓወር ፖይንት ላይ አታስቀምጡ። ይልቅስ ከአዲስ አበባው ወይም ከውጭው ጉባኤ በፊት ጥናቱ በተደረገበት ቀበሌ ማቅረብን ተለማመዱ። የዩኒቨርሲቲያችን መርሕ በማኅበረሰቡ ውስጥ ነን የሚል ነው፤ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱና የግብርና ኮሌጁ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ከመሆናቸው በፊትም ተማሪ ከግቢ ወጥቶ ከሕዝብ ጋር እንዲሠራ የሚያደርገው አሠራር በጤናው በኩል ነበር። ዛሬም ተማሪዎቻችን በሲቢቲፒና በቲቲፒ (በማኅበረሰብ ላይ በተመሠረተና በቡድን በሚሰጥ የመስክ ሥልጠና) ወደ ሸቤ፣ ወደ አጋሮ፣ ወደ አሰንዳቦ ይወጣሉ። ሄደው መረጃ ይሰበስባሉ፤ ውጤቱ ተመልሶ መሄዱን ግን ብዙም አላይም። የልጇን ደም የሰጠች እናት ምን አገኛችሁ ብላ ብትጠይቅ በአፋን ኦሮሞ፣ ያለ ፐርሰንትና ያለ ፒ ቫልዩ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር መመለስ ካልቻላችሁ ውጤታችሁን ገና እናንተም አልተረዳችሁትም። ለዚህ የሚያስፈልገው ወጪ ትንሽ ነው፤ ለመኪና፣ ለቡናና ለዳቦ የሚሆን መስመር በበጀቱ ውስጥ ይያዝለት። ገንዘብ ሰጪዎች ይህን መስመር ሲሰርዙ አላየሁም፤ አመልካቾች ሲረሱት ግን አይቻለሁ።

ስለ ኅትመት። እጅግ የተከበሩ ፕሮፌሰር ሆይ ብሎ የሚጀምርና በሳምንት ውስጥ እናትምልዎታለን የሚል ኢሜይል ሲደርሳችሁ ገና ሌክቸረር መሆናችሁን አስታውሱ። ጄፍሪ ቢል የተባሉት አሜሪካዊ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የእንዲህ ያሉ አጭበርባሪ አሳታሚዎችን ዝርዝር ሲያወጡ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2017 ከድረ ገጻቸው አነሱት፤ አሳታሚዎቹ ግን አሁንም በሥራ ላይ ናቸው። የማሳተሚያ ክፍያ የሚከብዳችሁ ከሆነ ብዙ የታወቁ አሳታሚዎች ኢትዮጵያን ጨምሮ ለአነስተኛ ገቢ አገሮች ክፍያውን እንደሚተዉ ወይም እንደሚቀንሱ እወቁ፤ ጽሑፉን ስትልኩ መጠየቅ ብቻ ነው። ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዚሁ ከጅማ የሚወጣውን የኢትዮጵያ የጤና ሳይንስ መጽሔትንም ቅርብ ስለሆነ ብቻ አትናቁት። የጸሐፊነት ስም ደግሞ የስጦታ ዕቃ አይደለም። የዓለም አቀፉ የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2013 በመመሪያው ላይ በሦስቱ የጸሐፊነት መስፈርቶች ላይ አራተኛ መስፈርት ጨምሯል፦ ስሙ የሰፈረ ሰው ሁሉ ስለ ጥናቱ ትክክለኛነት ተጠያቂ ለመሆን መስማማት አለበት። የክፍል ኃላፊውን ስም በይሉኝታ ስታስገቡ ባላዩት ሥራ ተጠያቂ እያደረጋችኋቸው ነው፤ በአክብሮት ንገሯቸው፤ አብዛኞቹ ይረዷችኋል።

ሽልማትን በተመለከተ፣ በዚሁ በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት የተማሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ድርቅን የሚቋቋመው የማሽላ ድቅል ሐጊን ዱራ 1 ሱዳን ውስጥ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ1983 ነበር፤ ከዚያ በኋላም አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋም ማሽላ ለማውጣት ብዙ ዓመታት ደክመዋል። በ1983 እና በ2009 መካከል ያለው ጊዜ ከብዙዎቻችሁ ዕድሜ አይተናነስም።

ሽልማትም የማይመጣበት ጊዜ አለ። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 አገራችን ገብቶ አረንጓዴውን ፍሬ እያጠቆረ ሲያረግፍ፣ በሽታውን የሚቋቋሙ የእናት ዛፎች ፍለጋ ተጀመረ። ከከተማችን ጥቂት ወጣ ብሎ በሚገኘው በመልኮ የግብርና ምርምር ማዕከል ተፈትሸው ለገበሬ የተሠራጩት 74110 እና 74112 የመሳሰሉት ዝርያዎች የተመረጡት ከመቱ አካባቢ፣ ከቢሻሪ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የተመረጡበትን ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታሉ። ዛሬ ጎማ ወይም ማና ወረዳ ያለ የችግኝ ጣቢያ ብትሄዱ ቁጥሩን የሚጠራላችሁ አታጡም፤ የውጭ አገር ቡና ቆዪዎች እንኳ በከረጢታቸው ላይ ያትሙታል። ከሞት በተረፈው ዛፍ ላይ ምልክት ያደረገውን ሰው ስም የሚያውቅ ግን እምብዛም የለም። እኔ ይህን እንደ በደል አልቆጥረውም፤ በየሪፖርቱ ስም መጠራት የሚያጓጓው ወጣት ግን ወደ መልኮ ቢሄድና ያንን ቁጥር ቢያይ ደስ ይለኛል።

ረቂቅ ፕሮፖዛል ያላችሁ ሁሉ፣ ጡረተኛ ነውና ጊዜ አለው ብላችሁ ልታመጡልኝ ትችላላችሁ፤ እውነትም አለኝ። ነገር ግን ማመልከቻው ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ይድረሰኝ፤ በዋዜማው የሚመጣውን አላነብም። በወረቀት ታትሞ፣ ፊደሉ ተለቅ ብሎ ይሁን፤ የበጀቱንም ሰንጠረዥ ከፊት አድርጉት።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የቀድሞ መምህር፣ ጅማ