የልጄ ጆሮ ተሰንጥቋል፤ መስማቱን ይነካው ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ9 ዓመት ልጄ ሲሮጥ ከበር ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ የጆሮው ላይኛው ክፍል ተሰነጠቀ። ደሙ ቶሎ ስለቆመ የአንቲባዮቲክ ካፕሱል ፈትቼ ዱቄቱን ነሰነስኩበት። ዛሬ 3ኛ ቀኑ ነው፤ ትንሽ አብጧል። እንዳይደነቁር ፈራሁ።

መልስ፦ እናት፣ ስለ መስማቱ አይጨነቁ። የተሰነጠቀው ድምፅ ሰብስቦ ወደ ውስጥ የሚልከው ክፍል ነው፤ የመስማቱ ሥራ ያለው ከታምቡሩ ወዲያ ነው። ከጆሮው ቀዳዳ ደም ወይም ውሃ መሰል ፈሳሽ ከወጣ፣ ካዞረው ወይም መስማት ከቀነሰ ግን በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

እኔን ያሳሰበችኝ ያቺ «ትንሽ አብጧል» ያሏት ነች። የጆሮ ልም አጥንት (ለጆሮ ቅርጽ የሚሰጠው ተጣጣፊው ክፍል) የራሱ የደም ሥር የለውም። የሚመገበው በላዩ ከተለጠፈው ስስ ሽፋን ነው። በመሃላቸው ደም ከተቋጠረ ልም አጥንቱ ይራባል፣ ይሞታል፤ ጆሮውም ተጨማዶ ይደድራል። የቦክሰኞችን ጆሮ አይተው ያውቁ የለ? እንደዚያ። ልጁን ብርሃን ላይ ያስቀምጡና ሁለቱን ጆሮዎቹን ያስተያዩ። በጤነኛው ላይ የሚታዩት እጥፋቶች በታመመው ላይ ጠፍተው ከተሞሉ፣ በጣት ጫን ሲሉትም ውሃ እንደቋጠረ ነገር ከለሰለሰ፣ ደም ይዟል። ሐኪም ቀዶ ያፈሰዋል፤ ተመልሶ እንዳይሞላም ጠበቅ አድርጎ ያሽገዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀላል ሥራ ነው፣ ሲቆይ ይከብዳል። ቤት ውስጥ በመርፌ እንዳይነካኩት!

ሌላም ይመልከቱ። ላይኛው ክፍል ቀልቶና ግሎ ሲነካ የሚያስጮኸው ከሆነ፣ ጉትቻ የሚንጠለጠልበት ጫፍ ግን ደህና ከሆነ፣ ልም አጥንቱ አመርቅዟል። ጫፉ የተረፈው ልም አጥንት ስለሌለው ነው። ይሄ ሳይታከም አንድ ሌሊትም ማደር የለበትም።

የካፕሱሉ ነገር... ኧረ እባካችሁ! ካፕሱል ይዋጣል፣ አይነሰነስም፤ የሚዋጠውም ሐኪም ሲያዝ ነው። ዱቄቱ ከደም ጋር ተጋግሮ ቅርፊት ይሠራል፤ ከሥሩ መግል ቢቋጥር ማን ያያል? ደሙ ሲፈስ ንጹሕ ጨርቅ 10 ደቂቃ ጫን አድርጎ መያዝ፣ በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ መሄድ በቂ ነበር። ያኔ ተሰፍቶ ይመለስ ነበር። አሁን ይሰፋ አይሰፋ የሚወስነው ያየው ሐኪም ነው።

ጥፋተኛ ነኝ ብለው ግን አይብሰልሰሉ፤ በ3 ቀን ብዙ ነገር ይተርፋል። ምልክቶቹ ባይታዩም ያበጠ ጆሮ ዛሬውኑ ይታይ፤ የአንገት በላይ ሐኪም ካለ ይመረጣል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱን ስለሚጠይቁዎት ካርዱን ይያዙ። እስከዚያ በዚያ ጎኑ አይተኛ።