ስለ ዝገት መከላከል ሥልጠና የጠየቃችሁኝ

ሥራዬ የነዳጅ፣ የጋዝና የውኃ ቧንቧዎችን ከዝገት መጠበቅ ነው። ስለ ሥልጠናው ጠይቁኝ ብያችሁ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። እነሆ።

ጥያቄ፦ በያጅ ነኝ። ኬሚስትሪ ካየሁ ዘመን የለኝም። ይከብደኝ ይሆን?

መልስ፦ አይከብድህም። ዝገትን እንደ ባትሪ አስበው። የሚበላ ጫፍ አለ፣ የማይበላ ጫፍ አለ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ብረት አለ፣ ዙሪያውን እርጥብ አፈር ወይም ውኃ አለ። ከአራቱ አንዱን ካጎደልክ ዝገቱ ይቆማል። እንዲያውም በያጅ መሆንህ ይጠቅምሃል። ብረቱን ከእርጥበት የሚለየው ቀለም የሚሳሳው ሹል ጠርዝና የብየዳ ፍንጣሪ ላይ መሆኑን ማንም ሳይነግርህ ታየዋለህ።

ጥያቄ፦ ካቶዲክ ፕሮቴክሽን (ብረትን በኤሌክትሪክ ከዝገት መጠበቅ) የሚማር ሁሉ “850” ይላል። ምንድን ነው?

መልስ፦ የተቀበረ ብረት በቂ ጥበቃ ማግኘቱን የምናይበት አንዱ መስፈርት ነው። አፈሩ ላይ በሚቆም የኮፐር ሰልፌት ኤሌክትሮድ (የማነጻጸሪያ መለኪያ ዘንግ) ሲለካ ኔጌቲቭ 850 ሚሊቮልት ወይም ከዚያ የባሰ ኔጌቲቭ መሆን አለበት። ቁጥሩን መሸምደድ ቀላል ነው፤ ጉዱ ያለው ልኬቱ ላይ ነው። ሬክቲፋየሩ (ለቧንቧው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው መሣሪያ) እንደበራ ሜትሩ ኔጌቲቭ 1100 ያሳይሃል። ደስ ይልሃል። ለአፍታ ስታጠፋው ወዲያው ኔጌቲቭ 790 ይሆናል። ልዩነቱ ኤሌክትሪኩ አፈሩን ሲያቋርጥ የፈጠረው ቮልቴጅ ነው እንጂ ብረቱ ያገኘው ጥበቃ አይደለም።

እኔም ጀማሪ ሳለሁ ተሸውጃለሁ። ኤሌክትሮዱን ደረቅ አሸዋ ላይ አቁሜ ግማሽ ቀን ሙሉ የማይረባ ቁጥር መዘገብኩ። ቁጥሩ ሲዋዥቅ ሽቦውን ጠረጠርኩ፣ የሜትሩን ባትሪ ቀየርኩ። አለቃዬ መጣና ምንም ሳይናገር ከሚጠጣው ውኃ ትንሽ አፈሩ ላይ አፈሰሰ። ቁጥሩ ቀጥ አለ። የጻፍኩትን ገጽ ቀድጄ ከመጀመሪያው ነጥብ ጀመርኩ። ጥሩ ሥልጠና ማለት ይህን ስህተት ሜዳ ላይ የሚያሠራችሁ ነው። ሙሉ ሳምንት በስላይድ ብቻ የሚያልፍ ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ኤሌክትሪኩን ከፍ አድርጎ መገላገል አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። ሲበዛ ብረቱ ላይ ሃይድሮጅን ይፈጠራል፤ ሽፋኑን ያላቅቃል፣ በጣም ጠንካራ ብረትን ሊሰነጥቅም ይችላል። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1824 የመርከብ ሆድ የተለበጠበትን መዳብ በዚሁ በካቶዲክ ፕሮቴክሽን ዘዴ ከመበላት አዳነ። ግን መዳቡ መሟሟቱን ሲያቆም ባርናክል የሚባል የባሕር ፍጥረትና አረም ተጣበቀበት፤ መርከቦቹ ተንቀራፈፉ።

ጥያቄ፦ የቀለም ኢንስፔክተር ብሆንስ?

መልስ፦ ጥሩ ሥራ ነው፣ ግን ሰው የሚጣላሽ ሥራ ነው። የብረቱ ሙቀት ጤዛ ከሚፈጠርበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ ሴልሺየስ ካልበለጠ “አትቀቡም” ማለት አለብሽ። ሠራተኛው ቆሞ፣ መኪናው ቆሞ፣ አንቺ ቴርሞሜትር ይዘሽ።

ጥያቄ፦ እኔ የውኃ ሰው ነኝ። የነዳጅ ቧንቧ ምን አገባኝ?

መልስ፦ በጣም ያገባዎታል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1992 በሜክሲኮዋ ጓዳላሃራ የቆሻሻ ውኃ መስመር ፈንድቶ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። ምርመራው የጠቆመው፣ የውኃ ቧንቧ ከቤንዚን ቧንቧ ጋር ተጠጋግቶ ተቀብሮ የቤንዚኑ ቧንቧ በዝገት መበሳቱን ነው። ከዚያ ቤንዚኑ ወደ ቆሻሻ መስመሩ ገባ። የዝገቱ ጠባይ ግን ይለያያል። በውኃ መስመር ዋናው ጠላት ኦክስጅን ነው። በጋዝና ነዳጅ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ናቸው። ሰልፋይዱ ብረቱን ሳያሳሳ ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ስለዚህ ውፍረት መለካት ብቻ አያድንም።

ጥያቄ፦ የትኛው ሰርተፊኬት?

መልስ፦ በብዙ አገር የሚጠየቀው የኔስ ነው። ኔስ እ.ኤ.አ. በ1943 በቧንቧ መስመር መሐንዲሶች የተመሠረተ የዝገት መከላከል ማኅበር ነው፤ በ2021 ከሌላ የቀለም ማኅበር ጋር ተዋህዶ አሁን ኤ ኤም ፒ ፒ ይባላል። ካቶዲክ ፕሮቴክሽኑ አራት ደረጃ አለው፤ ከመለካት ይጀምርና እስከ ዲዛይን ይሄዳል። ሁለተኛው ላይ ለመዝለል አትቸኩሉ።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ ምን ልግዛ?

መልስ፦ የራስህን ኤሌክትሮድ። ውስጡ ሰማያዊ ውኃ ብቻ ካየህ አትመነው። ታች ላይ ያልሟሟ የኮፐር ሰልፌት ክሪስታል ሁልጊዜ መታየት አለበት።