ማራ ምልክት የሆነው መቼ ነው?

የፈረንሳይ አብዮት ጋዜጠኛና ፖለቲከኛ የነበረውን ማራን የአብዮቱ ምልክት ያደረጉት የኋላ ታሪክ ጸሐፊዎች ናቸው ወይስ የዘመኑ ሰዎች ላልከው፣ የዘመኑ ሰዎች ናቸው። ያውም በሞተ በወራት ውስጥ።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 1793 መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ እንዳለ በቢላ ተገደለ። ጋዜጣው «የሕዝብ ወዳጅ» ይባል ነበር፣ እሱንም በዚሁ ስም ይጠሩት ስለነበር ለብዙ የፓሪስ ድሆች የሞተው የራሳቸው ሰው ነው። ሠዓሊው ዳቪድ ቀብሩን አሰናዳ፣ በዚያው ዓመትም ማራን ገንዳው ውስጥ ሞቶ የሚያሳየውን ሥዕል ሳለ። ክብሩ ግን አልቆየም፤ በ1794 ፓንቴዮን (የፈረንሳይ ታላላቅ ሰዎች የሚቀበሩበት ሕንፃ) የገባው አስከሬን በ1795 መጀመሪያ ወጣ፣ ሐውልቶቹም ተሰባበሩ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ሥዕሉን እንደ ፎቶ አምኜው ተሳስቻለሁ። ማራ ከባድ የቆዳ በሽታ ነበረበት፣ ገንዳ ውስጥ የሚውለውም ለዚያ ነው። ሥዕሉ ላይ ግን ቆዳው ንጹሕ ነው። ስለዚህ የማራን መልክ ሳይሆን አድናቂዎቹ ምን ማየት እንደፈለጉ ፈልግበት።